የብርድ ወራት ጠጅ

ቢራ መውደዴን እስከ ዛሬ የምረግምበት ምክንያት አለኝ። ነገሌ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩበት ዘመን ታደሰ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ፤ በሞያሌ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። በሙቀቱ ወራት፣ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ግሮሰሪ ተቀምጠን በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ የቀዘቀዘ ቢራ እንጠጣለን። ደመናው መጥቶ አየሩ ሲበርድ ግን ታደሰ ቢራ በአፉ አይዞርም።

«በዚህ ብርድ ቢራ ምን ይሠራል? እህቴ የጣለችው ጠጅ አለ፤ ቤት እንሂድ» ይለኛል።

እኔን ደግሞ ጠጅ ራሴን ያሳምመኛል። በዚያ ላይ ሰው ቤት መሄድ አፍራለሁ። «ሌላ ጊዜ» እያልኩ ቢራዬን ይዤ ብቻዬን እቀራለሁ። ሙቀቱ ሲመለስ ታደሰም ወደ ቢራው ይመለሳል፤ የጠጁም ነገር ይረሳል።

በዚያን ጊዜ ልቤን የወሰደች አንዲት ልጅ ነበረች። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አያታለሁ፤ አንገቷን ደፍታ ሰላም ትለኛለች። ስሟን እንኳ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ለታደሰም አልነገርኩት።

ታደሰ እህቱን ወደራ ከተማ ለሚኖር ነጋዴ ሲድር ጠራኝና ሄድኩ። ሙሽራዋ ከጓዳ ስትወጣ ያቺው ልጅ ነበረች። የተቀዳልኝ ጠጅ ሳልቀምሰው እጄ ላይ ቀረ።

«ምነው መምህር፣ ዛሬም ጠጁን አትቀምስም?» አለኝ ታደሰ።

«እህትህ መሆኗን አላውቅም ነበር» አልኩት።

ፊቴን ትንሽ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ብርድ በገባ ቁጥር ና የምልህ እኮ ከራሴ አልነበረም። ጥራልኝ የምትለኝ እሷ ነበረች።»