ዱባለ የታቀፋቸው እንቁላሎች

ቡታጅራ ውስጥ ግማሹ የብረት በር የዱባለ እጅ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብየዳ ላይ የሚያክለው የለም። ከሰው ጋር ማውራት ግን አልተፈጠረለትም፤ ደግነቱ ሚስቱ ውድነሽ ለሁለቱም ታወራ ነበር። ነበር ማለቴ ሞታ አይደለም፣ ክፉ አይንካት! አዲስ አበባ ነው የሄደችው። ጥር ላይ ልጃቸው ሃይሚ የመጀመሪያ ልጇን ስትገላገል፣ "አርሻት፣ ልጁ ክርስትና ሲነሳ እመለሳለሁ" ብላ ወጣች።

ክርስትናው አለፈ። ሃይሚ ሥራ ገባች፣ ሞግዚት ተፈልጋ ታጣች፣ ልጁ ጥርስ አበቀለ። ውድነሽ ግን እዚያው ናት።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ትደውላለች። "በላህ?" "በላሁ።" "ጤናህስ?" "ደህና ነኝ።" አለቀ! ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር ይላል። ነጠላዋ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ አንስቶ አላጠፈውም። "ናፍቀሽኛል" የምትለዋ ቃል ሁልጊዜ ከአፉ ሳትወጣ ትቀራለች። በጎረምሳነቱ ያላላትን አሁን በሽበቱ እንዴት ብሎ ይበላት?

መስቀልም እየቀረበ ነበር። የጉራጌ ልጅ ለመስቀል የት እንደሚገኝ ይጠየቃል እንዴ? ሃይሚ ግን "አባዬ፣ ዘንድሮ አንተ ና፤ እማዬን ብለቃት ልጁን ማን ይይዝልኛል?" አለችው። መስቀል አዲስ አበባ! ዱባለ ያን ዕለት ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ውድነሽ ስትሄድ አደራ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ ገብስማዋን ዶሮ። ዘሯ አገና ከተማ ከነበረው የውድነሽ እናት ቤት የመጣ ነው። እናቷ ካረፉ፣ ቤቱም ከፈረሰ ወዲህ ከዚያ ቤት የተረፋት ይኸው የዶሮ ዘር ብቻ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዶሮዋ እንቁላሎቿን ታቀፈች። ዱባለም የማድቤቱን ጥግ ለቀቀላት፤ አንድ ቀን ግን በሩን ሳይዘጋ አደረና ሸለምጥማጥ በላት። ጠዋት ላባዋ ተበትኖ ጠበቀው። እንቁላሎቹ ገና ለብ እንዳሉ ነበሩ።

"ወይ ጉዴ! ዘሯን አጠፋሁባት!" ብሎ እንቁላሎቹን በጋቢው አቅፎ ጎረቤቱ ሳቢሪን ሱቅ ሮጠ።

"ካርቶን ውስጥ አድርገው አምፖል ያብሩላቸው፣ ጋሽ ዱባለ" አለችው ሳቢሪን። "ይሄ አሁን የመጣው ነጩ አምፖል አይሆንም፤ ብርሃን እንጂ ሙቀት የለውም።" ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ የድሮ አምፖል ፈልጋ ሰጠችው። "ሙቀቱን ግን ይጠንቀቁ፣ እሺ?"

"ለእኔ ነው ሙቀት የምታስተምሪው?" አላት። ዕድሜ ልኩን ከእሳት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነዋ!

እሁድ ውድነሽ ደወለች። "ዶሮዬስ?"

"ታቅፋለች።"

ውሸት ሲጀመር እንዲህ ቀላል ነው፤ ሲቀጥል ነው ጉዱ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ዶፍ ሲጥል መብራት ጠፋ። ቤቱ በረደ። ዱባለ ቢጨንቀው እናቱ ቆጮ ስታኖር ያየውን አደረገ። ከጓሮው እንሰት የኮባ ቅጠል ቆረጠና ካርቶኑን ደራርቦ ጠቀለለው፤ አየር እንዳያስገባ በቃጫ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ሙቀቱ ታፈነለት። ተደስቶ ለእድርተኛ ቀብር ወጣ፤ የአምፖሉን ማጥፊያ አልነካውም። እሱ ከለቀስተኛ መሃል ቆሞ ሳለ መብራት መጣ።

ሲመለስ ካርቶኑ በእንፋሎት ርሷል። እጁን ሰዶ ነካካቸው፤ ምንም የተለየ ነገር አልተሰማውም። አንዱን ሰበረው። ዓይን ያወጣ ጫጩት ነበር፣ በስሏል። ዱባለ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ከዚያ ያላደረገውን አደረገ፤ እሁድ ሳይሆን ራሱ ደወለ። "ውድነሽ፣ ዶሮሽን ሸለምጥማጥ በልቷታል። በሩን ያልዘጋሁት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ 'ታቅፋለች' የምትለኝ ማንን ነው?"

"እኔ ነኝ የታቀፍኩት።"

መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎት ነበር፤ ከት ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ከጥር ወዲህ ሰምቶት አያውቅም።

"ሙቀቱን በምንህ ነው የምትለካው?"

"በእጄ።"

"በዚያ እጅህ? ፍም ቢጨብጥስ መች ይሰማዋል! ስማኝ፤ ዓይንህን ጨፍንና እንቁላሉን የዓይንህ ቆብ ላይ አድርገው። እናቴ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ካቃጠለህ በዝቷል፣ ከቀዘቀዘህ አንሷል፤ ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ካልታወቀህ ልክ ነው። ደግሞ እንቁላል ይተነፍሳል፤ ቆጮ አይደለም፣ አትጠቅልለው!"

ዱባለ ካርቶኑን በሳ፣ አምፖሉን በሽቦ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፣ እንዳይደርቁም በጣሳ ውሃ አጠገባቸው አኖረ። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አያቸው። የሞቱትን ጣለ፤ ቀይ የደም ሥር የሚታይባቸው ጥቂቶች ተረፉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውድነሽ ጠዋት ጠዋት መደወል ጀመረች። "ሙቀቱ እንዴት አደረ?" ዱባለ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንቁላሉን ቆቡ ላይ ይዞ ይነግራታል። ከሙቀቱ ወደ ልጁ ጥርስ፣ ከጥርሱ ወደ ጓሮው እንሰት ይሄዳሉ። እሷ ጋ ልጁ ሲንጫጫ እሱም ብቻውን ፈገግ ይላል። ስልኩ ሳይጮህ ነቅቶ መጠበቅ ለመደ። ሠላሳ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው ያላወሩትን አወሩት፤ "ናፍቀሽኛል" ብቻ አልወጣውም።

ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ ጣሪያው ድረስ ተጭኖ ይገባ ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን እየተቀበለ እልል ይላል። ዱባለ አንድ ጠዋት እንቁላሉን ዓይኑ ላይ ሲያደርገው፣ ከውስጥ አንድ ነገር ቆቡን ኳ ኳ አደረገው።

ደስ ሊለው ሲገባ ልቡ ስንጥቅ አለ። ጫጩቶቹ ከወጡ ነገ ምን ብላ ትደውልለታለች?

በማግስቱ ውድነሽ ስትደውል አንዷ ገብስማ ጫጩት ወጥታ አምፖሉ ሥር ላባዋን ታደርቅ ነበር።

"ሙቀቱ እንዴት አደረ?"

"ደህና ነው። ገና ናቸው።"

"ጭው ጭው!" አለች ጫጩቷ፣ ቤቱን አቅልጣ።

"ዱባለ፣ ይሄ የምሰማው ምንድን ነው?"

የካርቶኑን አፍ በእጁ ከደነ። ምን ዋጋ አለው!

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"ከወጡማ ጠዋት ጠዋት አትደውይልኝም ብዬ" አላት። "ናፍቀሽኛል፣ ውድነሽ።"

ከወዲያ ማዶ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማ።

"አምፖሉን እንዳታጠፋው" አለችው። "ጫጩት ከወጣም በኋላ ሙቀት ይፈልጋል።"

"እስከ መቼ?"

"እኔ እስክመጣ ነዋ! ሃይሚም ልጇን ይዛ ትከተለኝ፤ መስቀል እዚህ አይዋልም።"