ቦራ የደረሰችበት እሑድ

ልጅ ሳለሁ፣ አሰብ ውስጥ ከነበርንበት የሠራተኞች ሰፈር ላም የነበረው የእኛ ቤት ብቻ ነው። አባቴ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ኦፕሬተር ነበር። ከኮምቦልቻ ተዛውረን ቤቱን የተረከብን ዕለት ጎረቤቶች «እንቦሳ እሰሩ!» እያሉ ገቡ። አዲስ ቤት ለገባ ሁሉ የሚባል ነገር ነው፤ በዚያ አሸዋ ላይ ጥጃው ምን ሊበላ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናቴ ግን ቃሉን የምር ወሰደችው መሰለኝ፤ ሁለት ዓመት ቆይታ እውነትም ላም አስመጣች።

ያስመጣችው ለቅንጦት አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ገና ሦስት ወር ሳይሞላው የእናቴ ጡት ደረቀ። የጣሳ ወተት አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። ከሰፈሩ ጀርባ የምትኖረው አፋሯ እማማ ሐዋ የፍየል ወተት ታመጣልን ነበር፤ ሙቀቱ ሲበረታ ፍየሎቿም ነጠፉ። ዳዊት ድምፁ እየሰለለ፣ ጭኑ እየተሸበሸበ ሄደ። የአክስቴ ባል ከወደብ ዕቃ ሊጭን ባዶውን የሚወርድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርና፣ አንድ ቀን ተሳቢው ላይ እርጉዝ ላም ጭኖ ከኮምቦልቻ መጣ። የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ተሰብስቦ አወረዳት። ግንባሯ ላይ ነጭ ስለነበራት ቦራ አልናት።

ሻጩ «ወር አይሞላትም» ብሎ ነበር። ወሩም ሞላ፣ ሌላም ተጨመረ። ቦራ በሰሌን በተሠራው ጥላ ሥር ቆማ ፉርሽካዋን ትበላለች፣ ድርቆሿን ትጨርሳለች፣ ሲርባት የሰፈሩን ካርቶን ታኝካለች። አባቴ ከሥራ ሲገባ አየት ያደርጋትና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል። እናቴ አትስቅም። «የሻጭ አፍ አይታመንም፤ ስትደርስ ራሷ ትነግረናለች» ትለው ነበር።

እንዴት እንደምትናገር ያስተማረችኝ እናቴ ናት። «ግቷ ሞላ ብለሽ አትቸኩዪ፤ አንዳንዷ አግታ ሳምንት ትቆማለች» አለችኝ። «ተነሥታ መተኛቷንም ምልክት ብለሽ አትያዢው፤ አሰብ ላይ በሙቀቱ የማይቁነጠነጥ ፍጡር የለም።» ከዚያ እጄን ይዛ ከጭራዋ ሥር ግራና ቀኝ አስነካችኝ። እንደ ተወጠረ ገመድ ጠጣር ነበር። «ይሄ ላልቶ ጣትሽ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሲሰምጥ፣ መብል ስትተው፣ ከኋላዋም ዝልግልግ ነገር ሲወርድ፣ ያኔ ቀን መቁጠር የለም። ሮጠሽ ንገሪኝ፣ ሐዋን እንጠራለን። ከብት በምጧ ብቻዋን አትተውም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት ቦራን መንካት የእኔ ሥራ ሆነ። ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ደንበኛ ሐኪም የሆንኩ መስሎኝ ኮራሁ።

ያን እሑድ የቀበሌው ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። የቀረ ሰው ስሙ ይጠራል፣ የራሽን ካርዱም ይያዝበታል፤ የዳዊት የጣሳ ወተት የሚወጣው ደግሞ በዚያው ካርድ ነው። አባቴ የጠዋት ፈረቃ ስለነበረ ቤቱን ወክላ የምትሄደው እናቴ ናት። እኔ ለራሴ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። የሕፃናቱ መዝሙር ላይ ከፊት መስመር እንድቆም ተመርጬ ነበር፤ ቀይ ሻርፔን ሌሊቱን ፍራሽ ሥር አድርጌ ተኝቼበት ነው ያደርኩት።

ጠዋት እናቴ ዳዊትን እያባበለች «ሂጂ ቦራን እዪያት» አለችኝ። ሄድኩ። ፉርሽካው እንደ ተሰጣት ነበር። እጄን ከጭራዋ ሥር ሳሳርፍ ጣቶቼ ሰመጡ፣ በግራም በቀኝም። ከኋላዋ ወፍራም ዝልግልግ ተንጠልጥሏል። ዞር ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየቷ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ብናገር ከእሷ ጋር የምቀረው እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ። ቆሜ አሰብኩ። አሰብኩ ማለት እንኳ አይቻልም፤ ያየሁት ሻርፔን ብቻ ነው።

«እንዴት ናት?» አለች እናቴ ስመለስ።

«እንደ ትናንቷ ናት» አልኳት።

ዓይኔን አየችኝ። «እሺ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳዊትን አቀፈች፤ ወጣን።

መዝሙሩ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስብሰባው ግን አንዱ ሲወርድ ሌላው እየወጣ እስከ ሰባት ሰዓት ሄደ። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል፣ ደጋግሜ ወደ በሩ አያለሁ፣ በሩ ላይ ማንም እንዳይወጣ የሚጠብቅ ሰው ቆሟል። እናቴ ከአዳራሹ ኋላ ቆማ ዳዊትን ታወዛውዛለች። ሲለቁን እየሮጥኩ ቀደምኳት።

ቦራ በጎኗ ተኝታ፣ ምላሷን አውጥታ ታቃስት ነበር። ከኋላዋ አንዲት የፊት እግር ብቻ ወጥታለች። እማማ ሐዋን ጠራኋትና መጣች። «ቢስሚላህ» ብላ እጇን በዘይት አሽታ አስገባች፤ ብዙ ታገለች። «ጥጃዋ አንገቷን አጥፋ ነው የመጣችው» አለች። ስትወጣ እንስት ነበረች፤ እንደ እናቷ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። አልተነፈሰችም። «ጠዋት ሰው ቢኖር ኖሮ በእጅ መመለስ...» ብላ ጀመረችና የእናቴን ፊት አይታ አቆመች።

ጥጃ ያጣች ላም ወተቷን አትለቅም። ስለዚህ እማማ ሐዋ ያኔውኑ የጥጃዋን ቆዳ ገፈፈች፣ በጨው አሸችው፣ ድርቆሽ ሞልታ ሰፋችው። «አገራችንም ይደረጋል» አለች እናቴ። ቆዳውን ከቦራ ፊት ይዞ መቆም ለእኔ ተሰጠኝ። ቦራ አሸተተችው። ከዚያ በጉሮሮዋ ዝቅ ያለ ድምፅ እያሰማች ትልሰው ጀመር፤ ከኋላ በኩል ወተቱ ጣሳው ውስጥ ሲወርድ ሰማሁ። እንገር ለጎረቤት ማዳረስ ወግ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እናቴ ለማንም አላደለችም። ማታ ዳዊት ጠጥቶ ተኛ። አባቴም ያን ተረቱን ደግሞ አላነሣም። እኔ በየጠዋቱና በየማታው፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ ያንን ቆዳ ይዤ ቦራ ስትልሰው ቆምኩ። ምላሷ አልፎ እጄን ሲነካኝ ማልቀስ እፈልግና እናቴ እንዳታይብኝ እውጠዋለሁ።

ከአሰብ ከወጣን ብዙ ዘመን ሆነ። እናቴ ኮምቦልቻ ተመልሳ ትኖራለች፤ ዳዊት የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ወተታቸውን ከሱቅ በላስቲክ ይገዛል። እኔም ዛሬ ስብሰባ ስጠራ አልተመቸኝም ብዬ እቀራለሁ፣ የሚጠይቀኝም የለም። ያኔ መቅረት ምን እንደነበረ ለልጆቼ ላስረዳ ብሞክር ተረት ይመስላቸዋል።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን እኔና እናቴ ብቻ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ነገርኳት። ጣቴ ሰምጦ ነበር አልኳት፤ ዋሸሁሽ አልኳት፣ ለሻርፕ ብዬ። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «አንቺን ሳልልክሽ በፊት ራሴ ወጥቼ ነክቻት ነበር።»

«ታዲያ እኔን ለምን ላክሽኝ?»

«ቀርቼ ካርዱ እንዳይያዝብን፣ እንደ ትናንቷ ናት የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነዋ፣ ልጄ» አለች።

አዘንኩባት። ወዲያው ደግሞ ያንን ሕፃን አቅፋ፣ የምታውቀውን እያወቀች ከአዳራሹ ኋላ እስከ ሰባት ሰዓት መቆሟን አሰብኩና አለቀስኩላት። ስምንት ወር እሷ ስታልብ እኔ ቆዳውን ስይዝ በመሀላችን የነበረችው ቦራ ብቻ ናት፤ አንዳችን ቀና ብለን ሌላችንን አላየንም።