የወንድም ኤርሚያስ ግራ ጉልበት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌ አልነገርኩም። ለጌታ እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ «በአንደበቴ የበደልኩትን ሁሉ ይቅር በለኝ» እላለሁ እንጂ ነገሩን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም። ስለዚህ የምታነቡት እናንተ ስሙኝ። ብቻ ስታነቡ እንዳታዝኑልኝ።

ሰው አሳልፌ ሰጥቻለሁ። አሳልፌ የሰጠሁትም በጸሎት ነው።

የምንኖረው ጀርሚስተን ነው፤ ባሌ ካትሌሆንግ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። እዚህ ጆሃንስበርግ የሆሳዕና ልጆችና የዱራሜ ልጆች በአንድ ቤተ ክርስቲያን እንዘምራለን፣ ለቅሶ አብረን እንደርሳለን፣ ዕቃ አብረን እናስመጣለን። ኳስ ሲመጣ ግን አንተዋወቅም። በየዓመቱ ሁለቱ ቡድኖች ሦስት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ሁለቱን ያሸነፈ ዓመቱን ሙሉ ሌላውን ሲያበሽቅ ይከርማል። በዚያ ዓመት የመጀመሪያውን ዱራሜ በአንድ ጎል ወሰደ፣ ሁለተኛውን ሆሳዕና በአንድ ጎል መለሰ። የቀረው ሦስተኛው ነበር። የሰው ጨዋታ ሁሉ እሱ ሆነ፤ የመዘምራን ልምምድ ላይ እንኳ ሶፕራኖና አልቶ ተኳርፈው ነበር።

ሕጉ ግልጽ ነው፦ እትብትህ ለተቀበረበት ትጫወታለህ። የማንን እንጀራ በልተህ እንዳደግህ አይጠየቅም። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፦ ሌላ ቦታ ያደገ ሰው፣ ያደገበት ቦታ ቡድን ከተቀበለው፣ ከሁለቱ መምረጥ ይችላል።

ኤርሚያስ ዱራሜ ተወለደ፤ ያደገው ግን ሆሳዕና፣ ከእኛ አጥር ወዲያ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ከደሳለኝ ጋር በአንድ ደብተር ተምሯል ቢባል ማጋነን አይደለም። ወደዚህ አገር ሲመጣ የተቀበልነው እኛ ነን፤ የራሱን ሱቅ እስኪከፍት ሳሎናችን ውስጥ ተኝቷል። ብዙነሽን ሲያገባ ቬሎዋን በመርፌ ያጠበብኩላት እኔ ነኝ። ታዲያ የእኛ ቡድን ካፒቴን የነበረው ደሳለኝ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮ መጣና፣ «እቴ፣ ኤርሚያስ እንቢ አለ» አለኝ።

«ምን ብሎ?»

«ደም ደም ነው፣ ለእናንተ አልሰለፍም አለ።»

እንዴት እንደነደድኩ ልነግራችሁ አልችልም። ከድተኸናል አልኩ በልቤ። አብልተን አጠጥተን፣ ለባዕድ! ከዚያ ወዲህ ለኤርሚያስ ሻይ ስቀዳ እጄ ይከብደኝ ነበር። እኔ፣ በየሳምንቱ ስለ ይቅርታ የማስተምረው እኔ፣ በኳስ ቂም ያዝኩ። ኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮስ!

ከሦስተኛው ጨዋታ በፊት ባለው ሳምንት ብዙነሽ መጣች። በሩን ከዘጋች በኋላ ነው የተቀመጠችው። ኤርሚያስ የለስላሳ ሳጥን ከባኪው፣ ከጭነት መኪናው ላይ ሲያወርድ ወድቆ ግራ ጉልበቱ አብጧል፤ ሐኪሙ እንዳይጫወት ከልክሎታል፤ እሱ ግን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ካልሲ ደርቦበት ሊገባ ነው።

«ከእኔና ፋሻውን ከሚጠቀልልለት ከጋሽ አቡቴ በቀር የሚያውቅ የለም» አለችኝ። ጋሽ አቡቴ የዱራሜ ቡድን ወጌሻ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሽበታም ሰው። «ስንቄ፣ ለጸሎት ብቻ ነው የነገርኩሽ። ደሳለኝማ እንዳይሰማ።»

«ብዙዬ፣ እኔን አታውቂኝም?» አልኳት።

ሐሙስ ከሰዓት የሴቶች ጸሎት በእኛ ቤት ነው፤ የምመራው እኔ ነኝ። ብዙነሽ ሐሙስ ሱቅ ስለምትጠብቅ አትመጣም። ይህን አውቅ ነበር። የደሳለኝ ሚስት ጸዳለ አትቀርም፤ ጸዳለ የሰማችውን ደግሞ ደሳለኝ ራት ሳይበላ ይሰማዋል። ይህንንም አውቅ ነበር። ዘምረን ስንጨርስ «የጸሎት ርዕስ ያላችሁ» አልኩ። አንዷ የመኖሪያ ወረቀቷን አነሣች፤ አንዷ አገር ቤት የታመመ አባቷን። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እህቶች፣ ወንድም ኤርሚያስን እናስብ።»

«ውይ፣ ምን ሆነ?» አለች ጸዳለ።

«ጉልበቱን ነው። ግራውን። ሐኪም ከልክሎታል፤ እሱ ግን በፋሻ አስሮ ሊጫወት ነው። ጌታ ይጠብቀው።»

ግራውን! ግራ ማለት ለምን አስፈለገኝ? ጌታ የትኛው ጉልበት እንደታመመ አያውቅም? ዓይናችንን ጨፍነን መጸለይ ስንጀምር እኔ ዓይኔን ከፈት አድርጌ ጸዳለን አየኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መጸለይዋ ይሁን የሰማችውን እንዳትረሳ መድገሟ፣ አላውቅም። እኔ ግን ምን እየፈለግሁ እንዳየኋት አውቃለሁ። በዚያ ቀን የነበሩት እህቶች ሁሉ የሆሳዕና ልጆች ነበሩ። ለጸሎት የተነገረ ከቤት አይወጣም ብለው ዝም አሉ፤ ወደ ደሳለኝ ጆሮ ብቻ ወጣ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሜዳው ሞላ። ከእኛ ተጫዋቾች አንዱ፣ «ኤርሚ! ዱራሜን በካርታ ታውቃታለህ?» ብሎ ጮኸ።

«መጀመሪያ አንተን ልለፍህና መንገዱን ታሳየኛለህ!» አለ ኤርሚያስ እየሳቀ።

አንዲት የዱራሜ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «ተዉት ልጃችንን! አሳድጋችሁ ስለላካችሁልን እናመሰግናለን!» የእኛም ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ኤርሚያስ ሲሮጥ እያነከሰ እንደሆነ ያየነው እኔና ደሳለኝ ብቻ ነበርን።

ከእረፍት በኋላ ኤርሚያስ ኳስ አግኝቶ ሁለት ሰው አለፈ። ፊቱ የቀረው ደሳለኝ ነበር። ደሳለኝ ተንሸራቶ ገባ፤ ኳሱን አላየም። ግራውን አየ። ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ያንን ድምፅ አልጽፈውም። ዳኛው ቢጫ አወጣ፣ ሰው ተሳደበ። ብዙነሽ ጫማዋ አንዱ ወልቆ እየሮጠች ሜዳ ገባች።

«ስንቄ! ስንቄ ነይ፣ ጸልዪለት!»

ሄድኩ። እኔ ሄድኩ። ያስሰበርኩት ጉልበት ላይ እጄን ጫንኩና ጮክ ብዬ ጸለይኩ። ከቃሎቼ አንድም አልጎደለም። ከዚህ በኋላ የቱን ጸሎቴን ልመን?

በመጨረሻ ሆሳዕና አንድ አገባና አሸነፍን።

ኤርሚያስ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ዕቃ ማንሳት፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መሸጥ አልቻለም። ሱቁን ለሌላ አስረክበው ወደ ፖሎክዋኔ ከተማ፣ ወደ ብዙነሽ ወንድም ዘንድ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ብዙነሽ ልትሰናበተኝ መጥታ አለቀሰች።

«ደሳለኝ ግራውን አውቆ ነው የመታው፤ ጋሽ አቡቴ ነው የሸጠን» አለችኝ። «ከእኔ፣ ከአንቺና ከእሱ ሌላ ማን ያውቃል?»

እኔ ምን አልኩ? «ለጌታ ስጪው» አልኩ። አንድ ንጹሕ ሰው እፊቴ ሲታረድ «ለጌታ ስጪው» አልኩ። ዱራሜዎች ጋሽ አቡቴን ከቡድኑ አባረሩት። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ መሆን ጀመረ፤ ቆይቶም ዮቪል ሰፈር ወዳለች ትንሽ ጉባኤ ሄደ። ምሎ ነበር። ማን ይመነው?

ከዚያ በኋላ አንድ የበዓል ምሳ ላይ ደሳለኝ ስለዚያ ዓመት እየተረከ ሳቀ። «ኤርሚያስማ ለምኖኝ ነበር እኮ! ያሳደገኝ ሆሳዕና ነው፣ ከእናንተ ጋር ልሰለፍ ሲለኝ፣ ቦታ የለም፣ ወደ ትውልድህ አልኩት። እሱ ከገባ ካፒቴንነቴን ማን ይተውልኛል?»

ያነሣሁትን ጉርሻ መለስኩት። «ለእኔ እንቢ አለ ብለኸኝ አልነበር?»

«ኧረ እቴ፣ ያ እኮ አለፈ።»

ለእሱ አለፈ። በእናቴ ልጅ ተከድቼ ኖሬያለሁ፤ የከዳን ልጅ ሳይኖር ከሃዲ ስቀጣ ኖሬያለሁ። ያን ምሽት አልቅሼ ጨረስኩ፤ ማልቀሱም እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፣ ጥፋቱን የምጥልበት ሰው አግኝቻለሁና። ግን እስቲ፣ ኤርሚያስ በእርግጥ እንቢ ብሎን ቢሆንስ? ጉልበቱ ይገባው ነበር? ደሳለኝ ዋሽቶኛል። አፌን ግን አልከፈተውም። አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ለአዲሱ ዓመት ጨዋታ ስብሰባ ነበር። አንድ ሰው፣ «ጋሽ አቡቴ ይመለስ፣ እንደ እሱ ያለ ወጌሻ የለንም» አለ። ጋሽ አቡቴ ራሱ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ሰዎች ለምነው ነው ያመጡት። ከዱራሜ ሽማግሌዎች አንዱ ተነሥቶ፣ «ምስጢር የሸጠ እጅ ልጆቻችንን አይነካም» አለ። ጋሽ አቡቴ ኮፍያውን አነሣና፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። እኔ ሦስት ወንበር ራቅ ብዬ ነበርኩ። ዝም አልኩ። ያኔ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው ብል፣ አሁንስ?

ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታ ብጠይቅ ብዙነሽ ታደርግልኛለች፤ አውቃታለሁ። እኔም ቀልሎኝ እተኛለሁ፣ ጋሽ አቡቴም እንደተጠረጠረ ይቀራል። እንደዚያ አይሆንም። ይህን ጽሑፍ ጮክ ብዬ የማነበው እኔው ነኝ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ሁለቱም ወገን ባለበት፣ ደሳለኝም በተቀመጠበት። እናንተ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች፣ መጀመሪያ የሰውየውን ስም መልሱለት። ለእኔ የሚሆነውን ከዚያ በኋላ እናንተ ታውቃላችሁ።

ጋሽ አቡቴ ለማንም አልተናገረም። ብዙዬ፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ስንቅነሽ።