በጋቢው ጫፍ የቀረው ቋጠሮ

አጎቴ ማታ በሰላም "ደህና እደሩ" ብለውን ገብተው ጧት አልተነሱም። እስካሁን አላምን ብያለሁ።

እኔ ደብረ ታቦር ገበያ ድንች እሸጣለሁ። አንዱ ቅዳሜ ይቀናኛል፣ አንዱ ቅዳሜ ጆንያውን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ለዘር ስበደር ዋስ የሆኑኝ እርሳቸው ነበሩ። በሸጥኩ ቁጥር ከጎኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ "የሰውን ገንዘብ ወዲህ በይ፤ አንቺ ዘንድ ካደረ ልጆችሽ ይበሉታል" ይሉና በጋቢያቸው ጫፍ ይቋጥሩታል።

"አባባ፣ ከኔ ልጆች ይልቅ ላበዳሪው ያዝናሉ?" እላቸዋለሁ።

"ልጆችሽማ ለከርሞም ይርባቸዋል። ያን ጊዜ ማን ያበድርሻል?" ይሉኛል።

ሲሞቱ የመክፈያው ቀን ደርሶ ነበር። ለቅሶ ላይ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ሆነብኝ። በሠልስቱ ሚስታቸው ጋቢውን አምጥተው፣ "ይኼ ያንቺ ነው፤ ያንቺን ማንም እንዳይፈታ ይሉኝ ነበር" አሉኝ። ቋጠሮው እንዳለ ነው። ፈትቼ የደረሰውን ከፈልኩ፤ ገና ይቀረኛል።

ቅዳሜ ድንች ሸጬ የሰውን ለየሁና ሳላስበው እጄን ወደ ድንጋዩ ዘረጋሁ። ማንም አልተቀበለኝም። ብሩን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ልጆቼ ቤት ይጠብቁኛል።