ፀሐይ ላይ የተሰጡት የወንድሜ ሸክላዎች

ታላቅ ወንድሜ ዱባይ ነው የሞተው። እዚያው ተቀበረ። ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ የመጣው አንድ ካርቶን ብቻ ነው፤ አብሮት ይኖር የነበረ ልጅ አመጣልን። ልብሶቹና የሙዚቃ ሸክላዎቹ ነበሩበት።

ሸክላዎቹ የአንድ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ናቸው። ዓለም ያውቀዋል ይላሉ፤ እኔ ያወቅሁት ከወንድሜ ነው። ያንኑ አንድ አልበም ነበር የሚሰበስበው። የእንግሊዝ ኅትመት፣ የጀርመን ኅትመት፣ የጃፓን ኅትመት። በዕረፍት ቀኑ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ ይዞር ነበር።

በስልክ እቀልድበት ነበር። «ያው አንድ ዘፈን አይደለም እንዴ?»

«አንተ ደንቆሮ! በእንግሊዙ ከበሮው ደረትህን ይመታሃል። በጃፓኑ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ትሰማለህ፣ ወላሂ! ስመጣ አሰማሃለሁ።»

አልመጣም። እሱ የሰማውን መስማት ፈለግሁ። ሌላ ምን ቀረኝ? መቃብሩን እንኳ አላየሁም።

ደሴ ያለ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ የሸክላ ማጫወቻ እንዳለው ነገሩኝ። ሄጄ ለመንኩት፣ አዋሰኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው ተመለስኩ።

እናቴ ግቢ ውስጥ ነበረች። እኛ ዘንድ የሟች ልብስ ታጥቦ ፀሐይ ሳይመታው ለሰደቃ አይሰጥም። ልብሶቹን ካቡ ላይ አስጥታቸዋለች። ሸክላዎቹንም... ሸክላዎቹንም ከሽፋናቸው አውጥታ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ፣ ቆርቆሮ ላይ ደርድራቸዋለች።

«ካርቶኑ ሻግቶ ነበር» አለችኝ። «የሱ ነገር አይሽተት ብዬ ነው።»

ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አየችና፣ «አንቺ፣ ምን ዓይነት ቂጣ ነው? ጠርዙ ተነሣብሽ እኮ!» አለች። ፊቴን ስታይ ከአጥሩ ዞር አለች።

እውነቷን ነው፤ በፀሐዩ ሙቀት ጠርዛቸው እንደ ሳህን ተነሥቷል።

ቢሆንም ሞከርኩ። የጃፓኑን አስቀመጥኩት። መርፌው ወጣ፣ ወረደ፣ ዘለለ። የተቆራረጠ ጩኸት ብቻ። የእንግሊዙም ያው። የጀርመኑም ያው።

እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ?» አለች።

«የለም፣ ማጫወቻው አርጅቶ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። ሸክላዎቹን ሰብስባ በጣውላ መሐል አስተኛቻቸው፣ ላያቸው ላይ የማሽላ ጆንያ ጫነች። ይቃኑ ብላ ነው።

ማጫወቻውን ለባለቤቱ መለስኩ። ጆንያው ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም። ማሽላ ሲያልቅብን ከገበያ ትገዛለች እንጂ ከሱ አትዘግንም። አንዳንዴ ላንሣው እላለሁ።

«ትንሽ ይቆይ፣ ልጄ» ትለኛለች። «አብሽር። ትንሽ ይቆይ።»