በደሜ ግፊት ላይ የተሰጠ መግለጫ

ዘበኛው የክፍሉን በር ሲከፍትልኝ ፈገግ አልኩ። እኔ እስር ቤት አይቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁላችንም በአንድ ጎን የምንተኛበት፣ አንዱ ሲገላበጥ ሌላውም አብሮ የሚገላበጥበት ቤት ከርሜያለሁ። ይሄኛው አሜሪካ፣ ኮለምበስ ነው፤ በረኪና ይሸታል፣ ግድግዳው ነጭ ነው፣ አግዳሚውም ሽንት ቤቱም ብረት ነው። ያስከፋኝ ቅዝቃዜው ብቻ ነበር። ውጭ የጁላይ ሙቀት ሰው እያቀለጠ እዚያ ውስጥ የሥጋ ማቀዝቀዣ ነው። ይሄም እስር ተብሎ፣ አልኩ በሆዴ።

የገባሁበት ምክንያትም ያው ፖለቲካ ነው። ኮሮናው ገና ሳይለቀን፣ ጭምብላችንን አጥልቀን፣ በአገር ቤት ጉዳይ ሃይ ስትሪት የሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ሰልፍ ወጣን። የጠራን የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ነው። ይሄ ሰው መግለጫ ማውጣት ይወዳል። ዝናብ ቢዘንብ መግለጫ፣ ቢያባራ መግለጫ። እኔን የሚፈልገኝ ለጌጥ ነበር። ሰልፉ ፊት ያቆመኝና በድምፅ ማጉያው «የቀድሞው የፖለቲካ እስረኛ አባታችን፣ እርስዎ የጽናታችን ምልክት ነዎት!» ይላል። ሰው ያጨበጭባል። እኔም ሞኙ እንደ ሙሽራ ቆሜ እታያለሁ።

ያን ቀን አስፋልቱ መሃል ተቀምጠን አንነሳም አልን። ፖሊሶቹ ደጋግመው አስጠነቀቁ። ሰብሳቢያችን «ማንም እንዳይነቃነቅ!» እያለ እሱ ራሱ በቀስታ ወደ እግረኛው መንገድ ሲያፈገፍግ ነው የያዙት። እኔ ከተቀመጥኩበት አነሱኝ። ጉልበቴ አላነሳ ብሎኝ ነበርና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደግ አደረጉ።

መግቢያው ላይ አንዲት ናርስ ሰዉን እየጠየቀች ታሳልፋለች። የምትወስደው መድኃኒት አለ? ግፊት? ስኳር? አስም? ሁሉንም «ኖ» አልኳት። የግፊት መድኃኒቴ መኪናዬ ውስጥ ነው። ሰልፉ ቶሎ ይበተናል ብዬ የጠዋቱንም አልዋጥኩ። ግን ምላሴ አልታዘዝ አለ። አዲስ አበባ አብሮኝ የታሰረ አንድ መምህር ነበር። መርማሪው በለሰለሰ አፍ «ወንድሜ፣ የሚያምህ ነገር አለ?» ሲለው የዋሁ ሰው አስም አለብኝ አለ። አፉ ላይ የሚነፋትን መድኃኒት ወሰዱና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «በል አሁን እንነጋገር» አሉት። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት የነበርን ሰዎች ላሰረን ሰው ሕመማችንን አንነግርም። ጥርሳችን በቡጢ ቢወልቅም ደህና ነን። ይቺ ምስኪን ናርስ ያንን ሁሉ ከየት ታውቃለች?

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሰብሳቢያችን፣ ከእኛ በፊት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተኛ አንድ ግዙፍ ጥቁር አሜሪካዊ። የቀሩትን ሰልፈኞች ሌላ ቦታ ነው ያስገቧቸው። ሰብሳቢው አልቀመጥም ብሎ ይንጎራደዳል። ሱፉ እንዳይጨማደድበት ነው። ዘበኛው በበሩ መስኮት ብቅ ብሎ የመፈቻ ወረቀታችን እያለቀ እንደሆነ፣ ሁለታችንም አብረን እንደምንወጣ ነገረን። ሰብሳቢው ፊቱ በራ።

ያኔ ነው የጀመረኝ። መጀመሪያ ማጅራቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ቀጥሎ ጆሮዬ ውስጥ ሙቀጫ ይወቀጥ ጀመር። ነጩ ግድግዳ ላይ ጥቃቅን ብልጭታ አየሁ። ጭምብሌ እርጥብ ሲሆንብኝ ላብ መስሎኝ ነበር፤ ሳወርደው ቀይ ነው። ነስር እንዲያ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ?» አለኝ ሰብሳቢው። ማይክ ላይ እርስዎ ነኝ፣ ክፍል ውስጥ አንተ።

«ግፊቴ ነው። በሩን ምታልኝ።»

አዲስ አበባ እኛ የታሰርንበት ቤት ሕግ ነበር። አንድ ሰው ከታመመ ሁሉም ተነስቶ በር ይመታል። የተኳረፈውም፣ የተደባደበውም፣ በፖለቲካ ዓይንህን አልይ የተባባለውም ይመታል። ዱላ ሊያስከትል ይችላል፤ ቢሆንም ይመታል።

ሰብሳቢያችን በሩን አየ። ከዚያ ሰዓቱን የወሰዱበትን ባዶ አንጓውን አየ።

«ትንሽ ብንታገስስ? አሁን ሐኪም ከጠራን ወረቀቱ ሊጓተት ነው። ማታ ላይቭ አለኝ።»

«ምን አለህ?»

«ላይቭ ነዋ! ሕዝብ ይጠብቃል ጋሼ። አንተ ቀና በልና ተንፍስ።»

ቀና ስል ደሙ ጉሮሮዬ ገባ። ሕዝብ ይጠብቃል! ይሄ ሰው ስንት ጊዜ ማይክ ጨብጦ ለአንድ ሰው ነፍስ እሞታለሁ ብሏል። አንዲት ነፍስ እግሩ ሥር ስትደማ ግን መርሐ ግብሩ ተነካበት። አዘንኩበት እንኳን አልልም፤ ናቅሁት።

እዚያ ላይ ግን ፈራሁ። መርማሪ ፊት ያልፈራሁትን ፍርሃት ፈራሁ። ሥራዬ ሰው ቤት እየሄዱ በሽተኛ መርዳት ነው። ግፊት ጭንቅላታቸው ላይ ወጥቶ ግማሽ ጎናቸው የሞተ ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ፣ ሾርባ በማንኪያ አጎርሳለሁ። ከአፋቸው የሚንጠባጠበውን የምጠርገው እኔ ነኝ። የሚመጣውን አሳምሬ አውቀዋለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እኔን ማን ያጥበኛል? ልጄ? በቁሜ ልሙት እንጂ እንዲያስ አያድርገኝ አልኩ። ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ አፍንጫዬን ጨብጬ፣ ወገቤን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ በአፌ ቀስ እያልኩ መተንፈስ ጀመርኩ። ግራ እጄ ጣቶቹ እየደነዘዙ ነበር።

ይሄኔ አሜሪካዊው ተገላበጠ። ወለሉ ላይ ያለውን ደም አየ፣ እኔን አየ። ብድግ አለና በመዳፉ በሩን ይደበድበው ጀመር።

«ሽማግሌው እየደማ ነው! ሰው አምጡ!»

ክፍሉ ተንቀጠቀጠ። ሰብሳቢያችን ጥግ ያዘ።

ዘበኛውና ያቺው ናርስ መጡ። ክንዴን ጠቅልላ ለካችኝ፤ የላይኛው ሁለት መቶን አልፏል። ግፊት እንዳለብኝ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት ሰብሳቢው ኮሌታውን አስተካክሎ በቴሌቪዥን እንግሊዝኛው ገባ።

«ደህና ነው። ትንሽ ደንግጦ ነው። እንግሊዝኛ ስለማይችል እኔ ነኝ የማስተረጉምለት። የግፊት ችግር የለበትም።»

ወይ ጉድ! በደሜ ግፊት ላይ መግለጫ ሰጠ!

ናርሷ ወረቀቷን አየች። «መግቢያው ላይም የለብኝም ብሏል» አለች። ድንጋጤ ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ፣ ትንሽ ዘና ካልኩ በኋላ ተመልሳ እንደምትለካኝ ነገረችን። የክንዴን መጠቅለያ መፍታት ጀመረች።

ለአሳሪ ሕመም መናገር ቀላል መሰላችሁ? ለኛ ቤት ሰው ጓደኛ አሳልፎ ከመስጠት ቀጥሎ የሚመጣ ነውር ነው። ግን ዘወር ስል ሰብሳቢው በሩን እያየ ነበር። ለዚህ ሰው ላይቭ ብዬ ዳይፐር ላደርግ ነው?

እጇን ያዝኩት። እንግሊዝኛዬ የበሽተኛ መኝታ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ለዚያ ለዚያስ ሞልቶልኛል።

«ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «ግፊት አለብኝ። ዛሬ መድኃኒቴን አልወሰድኩም። ግራ እጄ እየደነዘዘ ነው። ይሄ ሰው ስለ እኔ አይናገርም።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ ሬዲዮዋ ስትናገር ድምፅዋ ሌላ ሆነ። ተሽከርካሪ ወንበር አመጡ። ከመውጣቴ በፊት ለአሜሪካዊው እጄን ዘረጋሁለትና በገዛ ቋንቋዬ «እግዜር ያስፈታህ» አልኩት። እስረኛ እስረኛን የሚሰናበትበት ቃል ነው። ቃሉን አላወቀውም፤ እጄን ግን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሰብሳቢው «ጋሼ፣ እንግዲህ...» ብሎ እጁን ሲሰድልኝ ወንበሩን የሚገፋውን ሰውዬ እንሂድ አልኩት።

ላይቩ ደረሰለት። ሆስፒታል ተኝቼ ልጄ በስልኳ አሳየችኝ። «አባታችን በእስር ቤት ደማቸውን አፈሰሱ» እያለ ዓይኑን በሶፍት ይጠርጋል። «ዳዲ፣ ኢዝ ሂ ፎር ሪል?» አለችኝ፤ ሰውየው የምሩን ነው ወይ ማለቷ ነው። ዝጊው አልኳት፤ ግፊቴ ሊነሳ ነው።

ጎኔ ተርፏል፤ ሾርባዬንም በገዛ እጄ እጠጣለሁ። ባለፈው ሰሞን እዚሁ ኮለምበስ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ መንገድ ላይ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ለኮሚቴው ግብዣ ነበረ። ሰብሳቢያችን ተነስቶ ያን ቀን ያወራል። በዓመቱ ታሪኩ ጎልምሷል። እሱ ነው በሩን በመዳፉ የደበደበው። ዘበኛውን አንቆ ሊይዘው ምንም አልቀረውም። ሰው ጉርሻውን እንደያዘ ይሰማዋል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረና «እርስዎ ይመስክሩ፣ እውነት አይደለም?» አለ።

«አይደለም» አልኩ። «ደህና ነው ብለህ ናርሷን መለስካት። በሩን የመታው ሌላ ሰው ነው።»

አልጮህኩም። እንጀራዬን ቆርሼ መብላቴን ቀጠልኩ። ሰብሳቢው ሳቀ፤ አብሮት የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እትዬ ጎንበስ ብለው «ማነው በሩን የመታው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

እስካሁን የሚከነክነኝ እሱ ነው። የሰብሳቢያችንን ስም ኮለምበስ ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ የለም። የዚያን ሰው ስም ሳልጠይቀው ወጣሁ።