አሥራ ስምንት ፊርማ

ትናንት ድሬ ውስጥ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጉልበታቸውን የካምፎር ቅባት ተቀብተው ኖሮ ሽታው ሰነፈጠኝ። ፊቴን ሳዞር አይተው ይቅርታ ጠየቁኝ። ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ያ ሽታ የዩኒቨርሲቲ ቡድናችን የመልበሻ ክፍል ሽታ ነበር።

እኔ አምበል ነበርኩ። አጥቂያችን ከከተማው ወጣ ያለችው የጀልዴሳ ገጠር ልጅ ነው፤ ዶርም ውስጥ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች እንተኛለን። ጎህ ሲቀድ በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ስንሮጥ እኛ እግራችን እየሰመጠ ስናለከልክ፣ እሱ ወደ እኛ ዞሮ እየሳቀብን የኋሊት ይሮጥ ነበር። የከተማው ክለብ ሰዎች አይተውት የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር ሲያልቅ እንዲመጣ ነግረውታል። ድርቅ የቤተሰቡን ከብት ጨርሶ ስለነበር እናቱ ተስፋ ያደረገችው ያንን እግር ነው።

ለእኛ የሚከፈለን ነገር አልነበረም። ደረታችን ላይ የአንድ ውሃ ፋብሪካ ስም ተለጥፎ፣ ድርሻችን በየጨዋታው አንድ አንድ ፕላስቲክ ውሃ ነበር። ስለ ክፍያ ስንጠይቅ የስፖርት ክፍል ኃላፊው፣ ተማሪ የሚጫወተው ለፍቅር ነው፣ ገንዘብ ያማረው ክለብ ይግባ አሉን።

«ጋሼ፣ ለፍቅር ከሆነ ደረታችንን ለምን ሸጣችሁት?» አለ አጥቂው።

ከውድድሩ በፊት አንድ ወረቀት መጣ። በጨዋታ ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊነቱ የራሴ ነው ይላል፤ ከሥሩ የአሥራ ስምንታችን ስም ተደርድሯል። ልጆቹ ክፍያው ቢቀር እንኳ ሕክምናችን ይጻፍልን እንጂ አንፈርምም አሉ። እኔም አብሬ አንፈርምም ብያለሁ። በማግስቱ ኃላፊው ለብቻዬ ጠርተው፣ እስከ ምሳ ሰዓት ካልተፈረመ ቡድኑ ከውድድሩ ይወጣል አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ራሴን የምረግመው። እኛ ዘንድ ከክፍል ለቀረ ጓደኛ አቴንዳንስ መፈረም ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም የሚታማው ያልፈረመው ነው። አጥቂው እናቱን ሊያይ ጀልዴሳ በሄደ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ የፈረምኩለት እኔ ነኝ። ፊርማውን ከራሱ አሳምሬ እጽፈው ነበር። ቤተ መጻሕፍት ጥግ ይዤ፣ እስክሪብቶ እየቀያየርኩ አሥራ ስምንቱንም ፈረምኩ። ወረቀት ነው፣ ማን ያየዋል ብዬ። ለልጆቹ፣ ኃላፊው ነገሩን ትተውታል አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ።

በሁለተኛው ጨዋታ አጥቂያችን ላይ አንድ ተከላካይ ከጎን ገባበት። ጉልበቱ ሲሄድ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዶ ኦፕራሲዮን ካልሆነ እግሩ እንደማይመለስ ነገረን። የሕክምናውን ወጪ ልንጠይቅ፣ እሱ በክራንች እኔ ደግፌው ኃላፊው ቢሮ ስንገባ ሰውየው ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥተው ፊቱ አስቀመጡት።

«ይሄ ፊርማ ያንተ አይደለም?»

አጥቂው ወረቀቱን ብዙ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አይደለም ቢል ይታከማል፤ እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው እባረራለሁ። አፌን መክፈት የነበረብኝ ያኔ ነው። የጣሪያው ማራገቢያ ሲንቋቋ እስካሁን ይሰማኛል።

«የኔ ነው» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ይቅርታ ልጠይቀው ስል አስቆመኝ። ድሬ ውስጥ ወንድ የሚወደውን ጓደኛውን እንደሚጠራው፣ እሱም «አንቺ» ይለኝ ነበር።

«ተዪው አቦ» አለኝ። «ስንት ቀን ፈርመሽልኛል። ዛሬ እኔ ፈረምኩልሽ።»

ሴሚስተሩ ሳያልቅ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። እኔ ተመረቅኩ፣ ሥራም ያዝኩ።

አምና አንድ ከሰዓት በኋላ በደቻቱ ድልድይ ሳልፍ ከታች አየሁት። አሸዋው ላይ ጎረምሶች ይጫወታሉ፣ እሱ ዱላ ተደግፎ ዳር ቆሟል። ኳሷ ተንከባልላ እግሩ ሥር ቆመች። ምታት እንጂ ሽማግሌው እያሉ ጮኹበት። እኩያዬ ነው። እሱ ግን ዱላውን ይዞ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና በእጁ አንስቶ ወረወረላቸው።

ድልድዩ ላይ ቆሜ አየሁት። አልወረድኩም።